ታሪክ ጸሐፊ ማንን ይፈራል?

ታሪክ መጻፍን ማን ጀመረው ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ሄሮዶቱስ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ የታሪክ አባት ብሎ ስለጠራው ስሙ በዚያው ጸና፤ ከእሱ ተነሥቶ ወደ ሮም፣ ከሮም ወደ ጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዚያም ወደ ቀረው ዓለም የሚወርድ አንድ የዘር ሐረግ ተሠራለት። በዚህ ሐረግ ውስጥ የቻይናው፣ የዐረቡና የአፍሪካው ቦታ የተማሪ ቦታ ነው፤ ሌላው የደረሰበትን ዘግይቶ የተቀበለ። ነገር ግን ሄሮዶቱስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ484 ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ548፣ በዛሬዋ ቻይና ምሥራቅ በነበረችው የቺ መንግሥት ጹዊ ጁ የሚባል ኃያል ሹም የአገሩን ገዥ አስገደለ። ዙዎ ጅዋን የተሰኘው ጥንታዊ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ጹዊ ጁ ጌታውን መግደሉን በመዝገቡ አሰፈረ። ሹሙ ጸሐፊውን ገደለው። ወንድሙ ቦታውን ተረክቦ ያንኑ ጻፈ፤ ተገደለ። ሌላው ወንድም ደገመው፤ እሱም ተገደለ። አራተኛው መጥቶ ያንኑ ሲጽፍ ግን ሹሙ ተሸነፈና ተወው። ጸሐፊዎቹ አለቁ የሚል ወሬ የሰማ ሌላ ጸሐፊም የሚጽፍበትን የቀርከሃ ሰሌዳ ይዞ ጉዞ ጀምሮ ነበር፤ ነገሩ መጻፉን ሲያረጋግጥ ተመለሰ።

የታሪኩ ዝርዝር በኋላ ዘመን የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ቢጋነንም እንኳ የሚመሰክረው ነገር አለ፤ ይህን ያወረሱ ሰዎች የታሪክ ጸሐፊን ግዴታ ከገዥ ትእዛዝ በላይ የሚያደርግ እምነት ነበራቸው። እኔ የታሪክ አጻጻፍን ዕድገት የምመዝነው በዚህ በኩል ነው። ማን ቀደመ የሚለው ጥያቄ የማንንም ዕውቀት አያሰፋም። ዋናው ጥያቄ ጸሐፊው ማንን ይፈራ ነበር፣ እውነቱን ከዚያ ከሚፈራው ሰው የሚጠብቅለትስ ምን ዘዴ ተበጀ የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ሲታይ ዓለም አንድ አስተማሪና ብዙ ተማሪ አይሆንም። ቻይናና ኮሪያ፣ የዐረቡ ዓለም፣ አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ የእኛም አገር ጭምር አንዱን ችግር በየራሳቸው መንገድ ለመፍታት ሲታገሉ ይገኛሉ። እያንዳንዱ መፍትሔ የሚያየውና የማያየው ነገር አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቻይና ብቸኛ ጸሐፊ ምን ያህል ሊጋለጥ እንደሚችል ያሳየው ሲማ ቺየን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ99 ለጠላት እጁን ለሰጠ አንድ የጦር መሪ ተከራክሮ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተናገረ፤ ጥፋተኛ ተባለና እንዲሰለብ ተፈረደበት። በዘመኑ ወግ ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ከዚህ ይልቅ ራሱን ያጠፋ ነበር። ሲማ ቺየን ውርደቱን ተቀብሎ መኖርን መረጠ፤ ምክንያቱም አባቱ የጀመረው የታሪክ ሥራ ገና አላለቀም። ያ ሥራ በ130 ምዕራፍ ተጠናቅቆ ነገሥታትን ብቻ ሳይሆን ነጋዴውን፣ ነፍሰ ገዳዩንና ሐኪሙን ጭምር ያዘ። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ የታንግ ሥርወ መንግሥት ሥራውን ከግለሰብ ትከሻ አንሥቶ በ629 ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጠው። የንጉሠ ነገሥቱን ንግግርና ድርጊት የሚመዘግቡ ሹማምንት ተመደቡ፤ ከዕለት መዝገባቸው የዘመኑ ታሪክ ተዘጋጀ፤ ሥርወ መንግሥቱ ሲወድቅም ተተኪው ሥርወ መንግሥት የቀደመውን ሙሉ ታሪክ ጻፈ። እጅግ የታሰበበት አሠራር ነበር።

አሠራሩ ግን ወዲያው ተፈተነ። ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ዙፋን ላይ የወጣው በ626 በቤተ መንግሥቱ ሰሜናዊ በር ሁለት ወንድሞቹን ገድሎ ነው። ስለ እሱ ምን እንደተጻፈ ለማየት ሲጠይቅ ጸሐፊው ቹ ሱዊልያንግ ገዥ የራሱን መዝገብ ሊያይ አይገባውም ብሎ ከለከለው። ታይዞንግ ግን አልተወም፤ በ643 የተጠናቀረው ታሪክ ቀረበለት፣ አነበበ፣ ስለዚያ ግድያ አጻጻፍም መመሪያ ሰጠ። ዛሬ ያንን ቀን የሚያጠኑ ሰዎች የሚታገሉት ሟቾቹ ወንድሞች ክፉ መስለው እንዲታዩ ከተደረገ ምንጭ ጋር ነው። በኋላም በዚያው መሥሪያ ቤት ያገለገለው ሊዩ ዢጂ ተማርሮ ሥራውን ለቀቀና በ710 ስለ ታሪክ አጻጻፍ ራሱን የቻለ የሂስ መጽሐፍ አጠናቀቀ። ቅሬታው የዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚገባው ነው፦ ተቆጣጣሪው ብዙ፣ ትእዛዙ እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ የተጻፈው ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በየሹሙ ቤት የሚወራ። ስለ ታሪክ አጻጻፍ ዘዴ በዓለም ላይ ቀድመው ከተጻፉት ሰፊ ሂሶች አንዱ የወጣው እንግዲህ ከዚህ ቢሮ ነው።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ከሁሉ የበለጠ የደከመችው ኮሪያ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። የጆሰን ሥርወ መንግሥት ከ1392 ጀምሮ እስከ 1863 ያለውን 472 ዓመት የሚሸፍን የነገሥታት መዝገብ ትቶ አልፏል። ዋናዎቹ መዝጋቢዎች ስምንት ወጣት ሹማምንት ነበሩ፤ ማዕረጋቸው ዝቅተኛ፣ ሥልጣናቸው ግን የተለየ። ንጉሡ ከሚኒስትሮቹ ጋር ሲመክር ያለ እነሱ አይጀመርም። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ ሲያድን ከፈረስ ወደቀ። ጉዳት አልደረሰበትም። ዙሪያውን ተመልክቶ መጀመሪያ የተናገረው ታሪክ ጸሐፊው ይህን እንዳያውቅ የሚል ነበር። ይህን እኛ የምናውቀው ጸሐፊው ስላወቀ ነው፤ መውደቁንም፣ እንዳይታወቅ ማለቱንም መዝግቦታል። በሕይወት ካሉ ሹማምንት ማንንም የማይፈራ ንጉሥ፣ በዝቅተኛ ማዕረግ ያለን አንድ ወጣት እንዲህ ሲጠነቀቅ ማየት የአሠራሩን ኃይል ያሳያል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጸሐፊው በቀን የሰማውን በረቂቅ ይይዛል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የራሱን ፍርድ የጨመረበት ሁለተኛ ረቂቅ ይጽፋል፣ ያንንም ለማንም ሳያሳይ ያስቀምጣል። ንጉሡ ሲሞት ብቻ አንድ ልዩ ጽሕፈት ቤት ይቋቋማል፤ ረቂቆቹ ሁሉ ይሰበሰባሉ፣ ይመሳከራሉ፣ ሦስት ጊዜ እየተጣሩ ይጻፋሉ። በመጨረሻም ረቂቆቹ ከዋና ከተማዋ በስተሰሜን ወዳለ ወንዝ ይወሰዱና ቀለሙ በውሃ ይታጠባል፣ ወረቀቱ ተመልሶ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ማን ምን እንደጻፈ ወደ ኋላ ተመልሶ አጣርቶ መበቀል አይቻልም። የተጠናቀቀው መጽሐፍ በዋና ከተማውና በሩቅ ከተሞች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ንጉሥ የሆነ ሁሉ እንዳያነበው የተከለከለ ነው። የኮሪያን ፊደል የፈጠረው፣ በጥበቡ እጅግ የተከበረው ሴጆንግ እንኳ በ1431 የአባቱን የቴጆንግን መዝገብ ለማየት ጠይቆ ሚኒስትሮቹ እምቢ አሉት። እርስዎ ካዩ ተከታዮችዎም ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ጸሐፊ ደፍሮ አይጽፍም የሚል ነበር መልሳቸው። በ1438 ደግሞ ጠየቀ፤ ዳግመኛ ተከለከለ። ተቀበለም።

ንጉሥ ይህን አጥር ሲጥስ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በ1498 ንጉሥ ዮንሳንጉን፣ ኪም ኢልሶን የሚባል ጸሐፊ በረቂቁ ውስጥ የንጉሡን ቅድመ አያት ዙፋን በጉልበት መያዙን የሚነቅፍ ጽሑፍ ማስገባቱን ሰማ። ረቂቁ ተመርጦ ቀረበለት። ኪም ኢልሶን ተገደለ፤ ጽሑፉን የደረሰው መምህሩ ኪም ጆንግጂክ ቀድሞ ሞቶ ስለነበር መቃብሩ ተቆፍሮ አስከሬኑ አንገቱን ተቀላ። ብዙ ምሁራን አብረው ተገደሉ፣ ተጋዙ። ዮንሳንጉን በ1506 ከዙፋን ሲወርድ ግን የእሱም ዘመን ተጻፈ፤ ያን ሁሉ ግፍ ዛሬ የምናነበው ከዚያው መዝገብ ነው። መጻሕፍቱን የጠበቁትም ሹማምንት ብቻ አይደሉም። በ1592 ጃፓን ኮሪያን ስትወር ከአራቱ ማስቀመጫዎች ሦስቱ ተቃጠሉ። የቀረው በደቡብ ምዕራብ በጆንጁ ከተማ ያለው ነበር። አን ኡይና ሶን ሆንግሮክ የሚባሉ ሁለት የአካባቢው ሽማግሌዎች መጻሕፍቱን አስጭነው ወደ ኔጃንግሳን ተራራ አወጡና ከጦርነቱ ጠበቋቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ክረምት አመድ ሆኖ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ውሃ የሚያነሣ ክርክርም ነው። እነዚያ ጸሐፊዎች ነጻ ዳኞች አልነበሩም፤ የአንድ መደብ ልጆች፣ በአንድ ትምህርት የተቀረጹ፣ በቡድን የተከፋፈሉ ነበሩ። ገበሬውን፣ ባሪያውን፣ ሴቲቱን ያዩት ከቤተ መንግሥት መስኮት ነው። እውነት ነው፤ አይካድም። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያፈርሰው ጸሐፊው አድልዎ የለበትም የሚለውን አባባል ነው እንጂ የእኔን አይደለም። የኮሪያ አጥር የተሠራው አድልዎን ሁሉ ለማጥፋት ሳይሆን አንዱን፣ ከሁሉ የከፋውን አድልዎ፣ ማለትም የሚጻፍበት ሰው ራሱ ጽሑፉን የማረም ሥልጣኑን ለመግታት ነው። የቀረውን አድልዎ የሚገልጥ ሌላ ዘዴ ያስፈልግ ነበር፤ ሌሎች ባህሎች የደከሙት በዚያ ላይ ነው።

የዐረቡ ዓለም ጸሐፊ ፍርሃት የተለየ ነበር። በእስልምና የመጀመሪያ መቶ ዓመታት ዋናው ሥጋት በነቢዩና በባልደረቦቻቸው ስም የሚፈበረክ ወሬ ነበር። መድኃኒቱም ኢስናድ ሆነ፤ እገሌ ከእገሌ ሰምቶ፣ እሱም ከእገሌ ሰምቶ ነገረኝ የሚል የነጋሪዎች ሰንሰለት። ሰንሰለቱ ብቻውን አልቆመም። እያንዳንዱ ነጋሪ የት ተወለደ፣ መቼ ሞተ፣ ከሚጠቅሰው ሰው ጋር ሊገናኝ ይችል ነበር ወይ፣ ትዝታው የታመነ ነው ወይ እያሉ የሚመረምሩ ግዙፍ የሕይወት ታሪክ መዝገቦች ተዘጋጁ። ከ839 እስከ 923 የኖረው አል-ጠበሪ የነቢያትንና የነገሥታትን ታሪክ ሲጽፍ ስለ አንድ ጦርነት ሁለትና ሦስት የሚጋጩ ምስክሮችን ከነሰንሰለታቸው ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን አይሰውርም። በመቅድሙም አንባቢን የሚከነክን ወሬ ቢገኝ ከነጋሪዎቹ የመጣ መሆኑን ያስታውቃል። የዘመናችን አንባቢ ይህን ከኃላፊነት እንደ መሸሽ ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ለአንባቢ የተሰጠ ክብር አድርጌ ነው የማየው፤ ጸሐፊው የፈረደበትን ብቻ ሳይሆን የሚፈረድበትን ማስረጃ ጭምር አስረክቦናል።

የኢስናድን ድክመት አጥርቶ ያየውም ከውጭ የመጣ ሰው ሳይሆን ከዚያው ወግ የወጣው ኢብን ኸልዱን ነው። በ1377 በዛሬዋ አልጄሪያ በአንድ ምሽግ ተቀምጦ የጻፈው መቅድም፣ የነጋሪው ታማኝነት ከመመርመሩ በፊት የተነገረው ነገር ሊሆን የሚችል ነገር ነው ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት ይላል። ምሳሌውም ግልጽ ነው። ሙሴ እስራኤላውያንን በምድረ በዳ ሲቆጥር የጦር መሣሪያ መያዝ የሚችሉት ስድስት መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ሆኑ የሚለውን ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ተቀባብለውታል። ኢብን ኸልዱን እንዲህ ያለ ሠራዊት በአንድ ሜዳ ተሰልፎ መዋጋት እንዴት ይችላል፣ አንዱ ጫፍ የሌላውን ጫፍ እንዴት ያውቃል፣ በያዕቆብና በሙሴ መካከል ባሉት ጥቂት ትውልዶችስ አንድ ቤተሰብ እንዴት እዚህ ደረሰ ብሎ ጠየቀ። የሕዝብን አኗኗር፣ ግብርን፣ የከተማና የዘላን ኑሮን ማወቅ ለታሪክ መለኪያ እንዲሆን ያደረገው በዚህ መንገድ ነው። ዐረቡ ዓለም ማንን እንመን የሚለውን ጥያቄ በሚገባ ካደረሰ በኋላ፣ ምን ይታመናል የሚለውን ጨመረበት።

ወደ አውሮፓ ስንመጣ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ዘግይቶ እናገኘዋለን። ሄሮዶቱስና ቱሲዲደስ ታላላቅ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው የሰማቸውን ልዩ ልዩ ትረካዎች እየጠቀሰ የቱን እንደሚያምን ይናገራል፤ ሁለተኛው የዐይን ምስክሮች እርስ በርስ እንደሚጋጩ ያውቃል። ሆኖም ቱሲዲደስ በመጽሐፉ ያሉትን ንግግሮች ለሁኔታው ይገባ የነበረውን እያሰበ ማዋቀሩን ራሱ ይገልጻል፤ ምንጩንም አይጠቅስም፤ አንባቢው አምኖ መቀበል ነው ያለበት። ወሳኙ ለውጥ የመጣው ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ዓለም ግዛት ለሮም ጳጳስ ሰጠ የሚል ሰነድ ለመቶዎች ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ በ1440 ሎሬንዞ ቫላ ሐሰተኛ መሆኑን አረጋገጠ። ሰነዱ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮም ሰው የማይጽፈው ላቲን ተጽፎበታል፤ በዚያ ጊዜ ገና ያልተመሠረተችውን ቁስጥንጥንያን የፓትርያርክ መንበር አድርጎ ይጠራል። ቫላ ይህን ሲጽፍ ከጳጳሱ ጋር በተጣላው በአራጎን ንጉሥ በአልፎንሶ ጥላ ሥር ነበር። ጥቅም ነበረው ማለት ነው። ግኝቱ ግን በጥቅሙ ላይ አልቆመም፤ ላቲን የሚያውቅ የጳጳሱ ወዳጅም ቢሆን ሰነዱን ገልጦ ሊያረጋግጠው ይችላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊዮፖልድ ፎን ራንከ ይህን ልማድ ወደ ቤተ መዛግብትና ወደ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አስገባው። የግርጌ ማስታወሻ የዘመናዊ ታሪክ ጸሐፊ ፍርሃት መገለጫ ሆነ፤ የሚፈራው ንጉሥን ሳይሆን ማስታወሻውን ተከትሎ ሄዶ ሰነዱን የሚከፍተውን አንባቢ ነው።

ታሪክ ሁሉ በመጨረሻ የተቀነባበረ ትረካ ነው፣ ስለዚህ ከልብ ወለድ አይለይም የሚሉ አሉ። ታሪክ ጸሐፊ ይመርጣል፣ ያቀናጃል፣ መጀመሪያና መጨረሻ ይሰጣል፤ በዚህ እስማማለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ግን በ2000 በለንደን ፍርድ ቤት ተፈትኖ ወድቋል። እንግሊዛዊው የታሪክ መጻሕፍት ደራሲ ዴቪድ ኧርቪንግ፣ የአይሁድን እልቂት የሚክድ ብላ የጻፈችበትን አሜሪካዊት ምሁር ዴቦራ ሊፕስታትን በስም ማጥፋት ከሰሰ። የመከላከያው ምስክር ሪቻርድ ኤቫንስ ከረዳቶቹ ጋር የኧርቪንግን የግርጌ ማስታወሻዎች አንድ በአንድ እየተከተለ ሰነዶቹን አወጣ። ከእነዚያ አንዱ የናዚው ሹም ሂምለር ኖቬምበር 30 ቀን 1941 በስልክ ስላደረገው ንግግር የጻፈው አጭር ማስታወሻ ነው፤ ከበርሊን ስለተነሣ አንድ የአይሁድ ተጓጓዦች ባቡር ይናገራል፣ እንዳይገደሉ ይላል። ኧርቪንግ ይህን ሂትለር አይሁድ ሁሉ እንዳይገደሉ አዘዘ ለማለት ተጠቅሞበት ነበር። ማስታወሻው ስለ አንድ ባቡር ብቻ ነው፤ የሂትለርም ስም የለበትም፤ የባቡሩ ተሳፋሪዎችም በዚያው ዕለት ጧት ሪጋ አጠገብ ተገድለዋል። ዳኛው ኧርቪንግ ማስረጃን ሆን ብሎ ማጣመሙን ፈረዱ። ሁለት ልብ ወለዶችን እንዲህ ማከራከር አይቻልም።

የራንከ ዘዴም ግን የራሱ ዕውርነት ነበረው፤ ቤተ መዛግብት የሌለው ሕዝብ ታሪክ የሌለው ሆኖ ታየ። ሄግል አፍሪካን ከዓለም ታሪክ ውጭ አድርጎ አስተማረ። በ1963 የኦክስፎርዱ ህዩ ትሬቨር-ሮፐር በአፍሪካ ያለው የአውሮፓውያን ታሪክ ብቻ መሆኑንና የቀረው ጨለማ መሆኑን ተናገረ። ይህን በተናገረበት ጊዜ መልሱ ታትሞ ነበር። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓን አጥንቶ የመጣው ቤልጅጋዊው ያን ቫንሲና በኮንጎ የኩባን መንግሥት ሽማግሌዎች ሲያዳምጥ፣ የቃል ትውፊታቸው እሱ በትምህርት ቤት ካጠናቸው የድሮ የአውሮፓ ጽሑፎች ጋር በአንድ ዐይነት ጥንቃቄ ሊመረመር እንደሚችል ተገነዘበ፤ ዘዴውን በ1961 በመጽሐፍ አወጣ። ቃልን የሚጠብቅ ሥርዓትም ድሮ ነበረ። በሩዋንዳ የንግሥናውን ምስጢራዊ ሥርዓት የሚያውቁት አቢሩ የተባሉ ባለሟሎች ነበሩ፤ ቃሉን ሳያዛንፉ በአእምሯቸው ይይዙ ዘንድ ይጠበቅባቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሸጋገር ከዙፋኑ ጥቅም ጋር ይስማማል፤ የነገሥታት ዝርዝር ይረዝማል፣ የተሸነፈ ወገን ይረሳል። ነገር ግን ታይዞንግ ያሳረመው መዝገብ በቀለም የተጻፈ ነበር። መጻፍ በራሱ አላዳነውም።

የእኛ አገር መዝገብ ከዚህ ሁሉ የት ይቆማል? የኢትዮጵያ ነገሥታት ዜና መዋዕል በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ በ1332 ስለተደረገው ዘመቻ ከተጻፈው ይጀምርና እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይዘልቃል። በአፍሪካ እጅግ ረጅም ከሆኑት የጽሑፍ ታሪክ ወጎች አንዱ ነው። የጆሰን ዐይነት አጥር ግን አልነበረውም፤ ጸሐፊው የንጉሡን እንጀራ እየበላ ለንጉሡ ጆሮ ይጽፍ ነበር። የዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ድሉን በታላቅ የቋንቋ ጉልበት ይተርካል፤ ንጉሡ የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል ብለው የገሠጹ መነኮሳት ተገርፈው መጋዛቸውን ግን አይነግረንም። ያንን የምናገኘው ከገድላት ነው። በእኛ ዘንድ የንጉሥ ሥልጣን የማይደርስበት ብዕር የነበረው በቤተ መንግሥት ውስጥ ሳይሆን በገዳም ነው። የርስትና የጉልት ሰነድ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍና ቃሉን የሚለውጥ ሁሉ በግዝት ይታሰር ነበር፤ ይህም ጠባቂ ነው። ገድልም የራሱ ጥቅም አለው፤ ቅዱሱን ማክበር፣ ገዳሙን ማስቀደም ይፈልጋል፣ አብዛኛውም ከዘመኑ ርቆ የተጻፈ ነው። ታደሰ ታምራት በ1972 ያሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የተጻፈው መጽሐፍ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ዜና መዋዕሉን በገድሉ፣ ገድሉን በመሬት ሰነዱ፣ ሁሉንም በዐረብ ጸሐፊዎች ምስክርነት እያመሳከሩ ሄዱ።

ከታደሰ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የአገሩን ታሪክ ጸሐፊዎች በብርቱ ነቅፎ ነበር። ታሪክ ለመጻፍ የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልግ ገልጾ፣ የእኛ ጸሐፊዎች ግን ትልቁን ትተው ትንሹን እንደሚከተሉና እንደሚያዳሉ አመለከተ። ትችቱ ትክክል ነው። ሆኖም ያለንን ሀብት ሙሉ በሙሉ አያሳይም። ለዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሦስት የአማርኛ ዜና መዋዕል አለን፦ የደብተራ ዘነብ፣ የአለቃ ወልደ ማርያምና ስሙን ያልገለጸ የሦስተኛ ጸሐፊ። ዘነብ ንጉሡን ይወዳል፤ ለጳጳሱ ለአቡነ ሰላማ ቅርብ የነበረው ወልደ ማርያም ግን ንጉሡ ከቤተ ክህነት ጋር የገቡበትን ጠብና ያመጣውን መከራ ከተጎጂው ወገን ሆኖ ያያል። አንዱ ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ወይ ጀግና ብቻ፣ ወይ ጨካኝ ብቻ ይቀርልን ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በአገራችን ዛሬ ደጋግሞ የሚሰማው ተቃውሞ ይቀራል። የብዙ ትረካ ጉዳት ታይቷል፤ ሰው በታሪክ ስም እየተጣላ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ታሪክ ይጻፍና ሌላው ይቅር የሚል ነው። የሚናገሩት ሰዎች ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ሰላም ፈልገው ነው። ግን አንድ ታሪክ የሚጻፈው ሁሌም በዚያ ጊዜ ሥልጣን በያዘ ወገን ነው፤ ሥልጣኑ ሲያልፍ የተደመሰሰው ቁጣ ሆኖ ይመለሳል። ጆሰን ይህን ፈተና አይታዋለች። የንጉሥ ሶንጆ መዝገብ በ1616 ሲያልቅ ሥልጣን ላይ የነበረው ሰሜኖች የሚባለው ቡድን ተቀናቃኞቹን አሳንሶ ጻፈ። ከ1623 በኋላ ምዕራቦች የሚባሉት በተራቸው ሥልጣን ያዙ፤ መዝገቡ አድልቷል ብለው የራሳቸውን የታረመ መዝገብ ማዘጋጀት ጀመሩ፣ በ1657 ጨረሱ። የቀድሞውን ለማቃጠል ሥልጣኑም ምክንያቱም ነበራቸው። አላቃጠሉትም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በ1584 የሞተው ታላቁ ፈላስፋ ዪ ኢ የምዕራቦቹ መምህር ነበር። የመጀመሪያው መዝገብ ሚኒስትሩ ዪ ኢ መሞቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ይነግረናል። የታረመው ደግሞ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጠባዩና ለአገሩ ስለነበረው ሐሳብ ረጅም የምስጋና ቃል ይዟል። ዛሬ የዚያን ዘመን የቡድን ጠብ የሚያጠና ሰው ሁለቱን ገጾች አቀራርቦ ያነባል፤ ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር እጥረትም ከረጅሙ ምስጋና የማያንስ ነገር ይማራል።